ቆጣሪው አይሳሳትም፤ የሚቆጠረው ግን ይሳሳታል



የመመረቂያ ፕሮጀክት ሰሞን ደርሷል። ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ከምንማረው ብዙዎቻችን ዘንድሮም ኢኤስፒ32 ወይም ከኤንአርኤፍ52 ቤተሰብ የሆነ ቦርድ ይዘናል። አንዱ የአፈር እርጥበት ይለካል፣ ሌላው የውሃ ታንከር ይከታተላል፣ ሌላው ለሰፈሩ መስጂድ የሰላት ሰዓት ማሳያ ሰሌዳ ይሠራል። ሥራው ቢለያይም ሁሉም አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ ቺፑ «አንድ ሰከንድ አለፈ» ሲል እውነቱን ነው?

ክፍል ውስጥ ታይመር ስንማር ጥያቄው ብዙ ጊዜ «16 ሜጋኸርዝ ክሎክ ተሰጥቷል፤ ፕሪስኬለሩን አስሉ» የሚል ነው። ፈተና ላይ ክሎኩ የተሰጠ ነው። ቦርዱ ላይ ግን ማንም አይሰጣችሁም፤ ከየት እንደሚመጣ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፤ ካልመረጣችሁ ደግሞ ሶፍትዌሩ ይመርጥላችኋል። እሱ የሚመርጠው ሁልጊዜ ለእናንተ ሥራ የሚበጀውን አይደለም።

ታይመር ማለት ቆጣሪ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። አንድ የክሎክ ምት በመጣ ቁጥር አንድ ይጨምራል። በመርካቶ ጨርቅ በክንድ የሚለካ ነጋዴን አስቡ። አስር ክንድ ብሎ ሲቆጥር ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ዘጠኝም አስራ አንድም አላለም። ጥያቄው የማን ክንድ ነው የሚለው ነው። አጭር ክንድ ያለው ነጋዴ ቆጠራው ሳይሳሳት ጨርቁ ያጥራል። ታይመርም እንደዚያው ነው፤ 32,768 ምት ቆጥሮ «ሰከንድ ሞላ» ሲል ቆጠራው ልክ ነው፤ ምቱ ራሱ ረዝሞ ወይም አጥሮ ከሆነ ግን ሰከንዱ ሰከንድ አይደለም። ለዚህ ነው ኮዱን አስር ጊዜ ብትመረምሩት ስህተቱን የማታገኙት። ኮዱ ውስጥ የለማ!

ይህ ስህተት የሚለካው በፒፒኤም ነው፤ ከሚሊዮን ስንት እንደማለት። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ስለሆነ 1 ፒፒኤም በቀን 0.086 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ተራ የሰዓት ክሪስታል 20 ፒፒኤም ቢሳሳት በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር 52 ሰከንድ ያህል ነው። 500 ፒፒኤም በቀን 43 ሰከንድ፣ በወር ከ21 ደቂቃ በላይ ይሆናል። 1 ፐርሰንት ደግሞ 10,000 ፒፒኤም ማለት ነው፤ በቀን 14 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይወስዳል። እኛ አገር 6 ሰዓት የተዛነፈ ሰዓት ሲገጥመን «ፈረንጁ አቆጣጠር ላይ ነው» ብለን ወዲያው እናስተካክላለን። በቀን 4 ሰከንድ የሚዘገየውን ግን የምናውቀው ከወራት በኋላ፣ ዳታው ከተበላሸ ወዲያ ነው።

ሁለት ክሎክ ለምን አስፈለገ?

ገመድ አልባ ማይክሮኮንትሮለር ከተራው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሬዲዮ ያለው ቺፕ ጥሩ ክሪስታል የግድ ያስፈልገዋል። የብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ ደንብ የሬዲዮው ፍሪኩዌንሲ ከመካከሉ ከ150 ኪሎኸርዝ በላይ እንዳይርቅ ያዛል፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይህ 60 ፒፒኤም ገደማ ነው። ዚግቢ የሚመሠረትበት 802.15.4 የተባለው ደንብ 40 ፒፒኤም ይላል። ዋይፋይ በዚሁ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ወደ 25 ፒፒኤም ያጠብቀዋል። ስለዚህ ኢኤስፒ32 ሞጁል ላይ 40 ሜጋኸርዝ፣ ኤንአርኤፍ52 ላይ 32 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ሁልጊዜ አለ። ያለ እሱ ሬዲዮው ከማንም ጋር አይግባባም።

እንግዲያው ችግሩ ምንድን ነው? ያ ጥሩ ክሪስታል ሆዳም ነው። እሱንና እሱ የሚያንቀሳቅሰውን ወረዳ ሌት ተቀን እያሠሩ በባትሪ መኖር አይቻልም። በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው፤ ለአስር ደቂቃ ይተኛል፣ ለአንድ ሰከንድ ነቅቶ ይለካል፣ ይልካል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሲተኛ ፈጣኑ ክሪስታል ይጠፋል፤ ጊዜውን የሚጠብቀው ቀርፋፋው ክሎክ ብቻ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሲነቃ በ40 ሜጋኸርዝ ክሪስታል የሚሮጠው ቺፕ ትክክለኛነቱ የሚወሰነው ተኝቶ ሳለ በሚቆጥርለት ርካሽ ክሎክ ነው። ዳታሺት ላይ «የታይመሩ ጥራት 1 ማይክሮ ሰከንድ» የሚለውን አይቶ መርካት አያዋጣም። እሱ የሚነግራችሁ የማስመሪያው መስመሮች ምን ያህል እንደተቀራረቡ ነው፤ ማስመሪያው ራሱ አጭር ይሁን ረጅም አይናገርም።

ኢኤስፒ32ን እንውሰድ። ለዲፕ ስሊፕ ጊዜ የሚቆጥርለትን ክሎክ ከሦስት መምረጥ ይቻላል። ማንም ካልነካው የሚሠራው በቺፑ ውስጥ ያለው 150 ኪሎኸርዝ የአርሲ ኦሲሌተር ነው፤ በሬዚስተርና በካፓሲተር የሚሠራው ማለት ነው። ተጨማሪ ዕቃ አይፈልግም፣ ኤሌክትሪክም ቆጣቢ ነው፤ ሙቀት በተለወጠ ቁጥር ግን ምቱ ይለወጣል። ሁለተኛው በቺፑ ውስጥ ያለው የ8.5 ሜጋኸርዝ ኦሲሌተር ለ256 ተካፍሎ የሚገኘው ነው፤ ከመጀመሪያው የረጋ ሲሆን 5 ማይክሮ አምፔር ገደማ ይጨምራል። ሦስተኛው ከውጭ የሚበየድ 32.768 ኪሎኸርዝ ክሪስታል ነው፤ ጭማሪው 1 ማይክሮ አምፔር ብቻ፣ መረጋጋቱ ግን ከሁሉም የበለጠ። እዚህ አገር ሱቆች ውስጥ የምናገኛቸው ብዙዎቹ የመለማመጃ ቦርዶች ይህ ክሪስታል የላቸውም። ሶፍትዌሩ ላይ መምረጥ ብቻውን ዕቃውን ቦርዱ ላይ አያበቅለውም!

አርሲው ምን ያህል ይጎዳል? በስሌት እንየው። 150,000 ይመታል የተባለው ክሎክ በሴኮንድ 145,506 ብቻ ይመታል እንበል፤ ልዩነቱ 3 ፐርሰንት ነው፣ ለአርሲ የሚያስገርም አይደለም። አንድ ሰዓት ተኛ ስትሉት 540,000,000 ምት ሊቆጥር ይተኛል። የሚነቃው ከ3,600 ሰከንድ በኋላ ሳይሆን ከ3,711 ሰከንድ በኋላ ነው። በየሰዓቱ 111 ሰከንድ ማለት ነው።

ግን ደግሞ ሬዲዮ ያለው ቺፕ እዚህ ላይ አንድ ዕድል አለው፤ ጥሩ ክንድ በቤቱ አለ። ከመተኛቱ በፊት ፈጣኑን ክሪስታል ዳኛ አድርጎ ቀርፋፋውን መመዘን ይችላል። ካሊብሬሽን የሚባለው ይሄው ነው። ከቀርፋፋው ክሎክ 1,024 ምት ይቆጥራል፤ በዚያው ጊዜ 40 ሜጋኸርዙ ስንት እንደመታ ያያል። ትክክለኛ 150 ኪሎኸርዝ ቢሆን 273,067 ገደማ መምታት ነበረበት። 281,500 ከመታ ቀርፋፋው በእውነት 145,506 ኸርዝ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስሌቱ ሁሉ በዚህ ቁጥር ይሠራል። የኢኤስፒ32 ሶፍትዌር ሲነሣ ይህን ራሱ ያደርጋል። ስለዚህ ያ 111 ሰከንድ በተግባር በአብዛኛው ይቀንሳል። የማይቀንሰው ከተመዘነ በኋላ የሚመጣው ለውጥ ነው። ከሰዓት በኋላ በ28 ዲግሪ የተመዘነ አርሲ ሌሊት 8 ዲግሪ ላይ ሲተኛ ሌላ ሰው ነው። በአጭር በአጭር እየተኛ በነቃ ቁጥር የሚመዘን መሣሪያ ከዚህ ይድናል፤ ስድስት ሰዓት አንድ ላይ የሚተኛ ግን አይድንም።

ክሪስታሉም ጸባይ አለው

32,768 ቁጥሩ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ 2 ለ15 ጊዜ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ለሁለት እያካፈላችሁ 15 ጊዜ ስትወርዱ ልክ በሰከንድ አንድ ምት ታገኛላችሁ። የእጅ ሰዓት ውስጥ ያለውም ይሄው፣ በትንሽ ሹካ ቅርጽ የተሠራ የኳርትዝ ቁራጭ ነው።

ይህ ክሪስታል 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከሁሉ ይፈጥናል። ከዚያ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ይዘገያል። የሚዘገየው በልዩነቱ ስኩዌር ነው፤ ልዩነቱን በራሱ አባዝታችሁ በ0.034 ስትመቱት ፒፒኤሙን ታገኛላችሁ። ደብረ ብርሃን ሌሊት 5 ዲግሪ ላይ ልዩነቱ 20 ስለሆነ 13.6 ፒፒኤም ይዘገያል፤ በቀን ሲታሰብ 1.2 ሰከንድ ገደማ። ሰመራ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ የታሸገ ሳጥን ውስጡ 55 ዲግሪ ቢደርስ 30.6 ፒፒኤም ይሆናል። ሁለቱም ጋ የሚዘገይ መሆኑን አስተውሉ። ብርዱ ሙቀቱን ያካክስልኛል ብሎ የሚያስብ ተማሪ ብዙ ነው፤ አያካክስም፣ ይደመራል። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ይህ ስህተት አስቀድሞ ስለሚታወቅ ሙቀት መለኪያ ያለው ሰው በስሌት ሊያርመው መቻሉ ነው።

ሁለተኛው ጸባዩ ካፓሲተር ነው። ክሪስታሉ ላይ 12.5 ፒኮፋራድ ወይም 7 ፒኮፋራድ ተብሎ ይጻፋል፤ ይህን ጭነት ካላገኘ ቃሉን አይጠብቅም። በሁለቱም እግሩ ላይ እኩል ካፓሲተር ስታደርጉ ክሪስታሉ የሚያየው ግማሹን ነው፤ ከቦርዱ መስመሮች የሚመጣው በግምት 3 ፒኮፋራድ ይጨመርበታል። ስለዚህ ለ12.5ቱ 19፣ ለ7ቱ ደግሞ 8 ፒኮፋራድ አካባቢ ያስፈልጋል። ከላብ መሳቢያ የተገኘውን 22 ፒኮፋራድ በ7ቱ ላይ መበየድ ልማድ ሆኗል። ውጤቱ ብዙ ፒፒኤም የሚዘገይ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የማይነሣ ክሪስታል ነው።

ብሉቱዝ ላይ ዋጋው በባትሪ ይከፈላል

እስካሁን ያየነው የሰዓት መዛነፍ ነው። በብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ ላይ ግን የክሎክ ስህተት ሰዓት ባታሳዩም ያገኛችኋል፤ እኔ ይህ ክፍል ከሁሉም የበለጠ መታወቅ አለበት ባይ ነኝ።

የተገናኙ ሁለት መሣሪያዎች የሚነጋገሩት በቀጠሮ ነው። ስልኩ «በየ1 ሰከንዱ እልካለሁ» ይላል፤ ሴንሰሩ በመሀል ተኝቶ በቀጠሮው ሰዓት ሬዲዮውን ይከፍታል። የሁለቱም ሰዓት ትንሽ ትንሽ ስለሚዛነፍ ሴንሰሩ ቀደም ብሎ መክፈት፣ አርፍዶም መዝጋት አለበት። ምን ያህል ቀድሞ? ደንቡ ግልጽ ነው፤ የሁለቱን ፒፒኤም ደምሮ ካለፈው ግንኙነት ወዲህ ባለፈው ጊዜ ማባዛት። ስልኩ 50፣ ሴንሰሩ 20 ፒፒኤም ከሆኑ ለ1 ሰከንድ 70 ማይክሮ ሰከንድ ይወጣል። ሴንሰሩ ባትሪ ለመቆጠብ በየ4 ሰከንዱ ብቻ የሚነቃ ከሆነ 280 ይሆናል።

አሁን ሴንሰሩን በአርሲ አሠሩት። የብሉቱዝ ደንብ በእንቅልፍ ጊዜ የሚፈቅደው ጣሪያ 500 ፒፒኤም ነው፤ ኤንአርኤፍ52 ላይ ያለው አርሲ በየጊዜው እየተመዘነ የሚያዘው ለዚሁ ጣሪያ ነው። 550 በ4 ሰከንድ ሲባዛ 2,200 ማይክሮ ሰከንድ ይሆናል። ባዶ የብሉቱዝ ፓኬት አየር ላይ የሚቆየው 80 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። ለ80 ማይክሮ ሰከንድ ወሬ 2,200 ቀድሞ ጆሮ ማቆም! ሬዲዮው በሚሰማበት ጊዜ 5 ሚሊ አምፔር ገደማ ይበላል፤ ስሌቱን ለራሳችሁ ትቼዋለሁ። ክሪስታሉን የተውነው ለቁጠባ ከሆነ ቁጠባው ወዴት ሄደ? ኤንአርኤፍ52832 ላይ እንዲያውም ክሪስታሉ ራሱ ከአርሲው ያነሰ ኤሌክትሪክ ነው የሚበላው።

ከዚህ የሚብሰው የውሸት ቁጥር ነው። ሶፍትዌሩ የክሎካችሁን ፒፒኤም ይጠይቃችኋል። ከሌላ ሰው ኮድ ላይ 20 የሚል ተገልብጦ ቦርዱ ላይ ግን ያለው አርሲ ከሆነ፣ ሴንሰሩ 70 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ይከፍታል፤ ስህተቱ ግን እስከ 500 ሊደርስ ይችላል። አንድ ቀጠሮ ሲያመልጠው ለሚቀጥለው መስኮቱን ያሰፋል፤ ነገር ግን መስኮቱ በ70 ሲሰፋ ስህተቱ በ500 እያደገ ነው፣ አይደርስበትም። በመጨረሻ የግንኙነቱ የጊዜ ገደብ ያልፍና ይቋረጣል። ላብ ውስጥ ሙቀቱ ስለማይለዋወጥ፣ አርሲውም ገና ስለተመዘነ ሁሉ ነገር ይሠራል። ፈታኞች ፊት ደጅ ሲወጣ ይቋረጣል፤ ተማሪው አንቴናውን ይጠረጥራል። አንቴናው ምንም አላደረገም።

የእኛው ድርሻ

ሁሉም ግን በክሎኩ አይሳበብም። ከ32,768 በሚሊ ሰከንድ አንድ ምት የፈለገ ሰው ለ32.768 ማካፈል አለበት፤ ታይመር ግን የሚያካፍለው በሙሉ ቁጥር ነው። ለ33 ካካፈለ እያንዳንዱ «ሚሊ ሰከንድ» በእውነት 1.007 ነው፤ በቀን 10 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፣ ክሪስታሉ ፍጹም ቢሆን እንኳ። ለ32 አካፍሎ በሰከንድ 1,024 ምት መቀበልና ቀሪውን በስሌት መያዝ ይሻላል።

ሌላው «ለካ፣ 1 ሰከንድ ጠብቅ፣ ለካ» የሚለው ሉፕ ነው። መለካቱ 12 ሚሊ ሰከንድ ከወሰደ ዙሩ 1.012 ሰከንድ ነው፤ በቀን 86,400 መሆን የነበረበት ንባብ ወደ 85,375 ይወርዳል። የሚቀጥለውን ሰዓት ከአሁን ሳይሆን ካለፈው ቀጠሮ ላይ 1 ሰከንድ ጨምሮ መያዝ ነው መፍትሔው። ፍሪአርቶስ ላይ ለዚህ የተለየ ፈንክሽን አለ፤ «እስከዚህ ድረስ ቆይ» የሚለው እንጂ «ይህን ያህል ቆይ» የሚለው አይደለም።

መለካት ደግሞ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ኦሲሎስኮፕ ካላችሁም ፕሮቡን ክሪስታሉ እግር ላይ አታድርጉ፤ የፕሮቡ ካፓሲታንስ ራሱ ምቱን ይለውጠዋል ወይም ያቆመዋል። ክሎኩን በአንድ ፒን አውጥታችሁ እዚያ ለኩ። ኦሲሎስኮፕ ከሌለ ላፕቶፕ ይበቃል። ላፕቶፑን ከኢንተርኔት በኤንቲፒ አስተካክሉት፤ ቦርዱ በየጊዜው ስንት እንደቆጠረ በዩኤስቢ ይላክ፤ ላፕቶፑ የደረሰበትን ሰዓት ይመዝግብ። የዩኤስቢና የላፕቶፑ መዘግየት 50 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን በ10 ደቂቃ ልኬት ውስጥ 83 ፒፒኤም ያሳስታል፤ በ24 ሰዓት ልኬት ግን ከ0.6 ፒፒኤም አይበልጥም። ትዕግሥት እዚህ ከመሣሪያ ይበልጣል። ሁለት ነገር ግን ጠብቁ። አንደኛ፣ ቦርዱ እንደ እውነተኛ ሥራው እየተኛ እየነቃ ይለካ፤ ሳይተኛ ከለካችሁት የለካችሁት 40 ሜጋኸርዙን ነው፣ እሱ መቼም ጥሩ ነው። ሁለተኛ፣ አንዱን ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ አንዱን ቀን ፀሐይ ላይ አውሉት።

የሰላት ሰዓት ሰሌዳ ለሚሠሩት ወንድሞች ነገሩ ትንሽ ይለያል። ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ከመብራት ጋር ስለሚያያዝ አይተኛም፤ ጊዜውን የሚይዘው ፈጣኑ ክሪስታል ነው። የእሱ ችግር መብራት ሲጠፋ ነው፤ ቺፑ ሰዓቱን ጨርሶ ይረሳል፣ መብራት ሲመጣ ደግሞ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። ኤንቲፒ ላይ ብቻ መደገፍ አይበቃም ማለት ነው። ዲኤስ3231 የተባለው የሰዓት ቺፕ ክሪስታሉን በውስጡ ይዞ ሙቀቱን በየ64 ሰከንዱ እየለካ ራሱን ያርማል፤ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ 2 ፒፒኤም ነው፣ በዓመት አንድ ደቂቃ ገደማ። በሳንቲም ባትሪ መብራት በሌለበትም ይቆጥራል። ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ፤ ከ3231 ቀጥሎ «ኤም» ካለበት ክሪስታል የሌለው ዓይነት ሆኖ 5 ፒፒኤም ነው፤ ለሰሌዳው እሱም ቢሆን በቂ ነው። ዲኤስ1307 ግን ሌላ ዕቃ ነው፤ የውጭ ክሪስታል ስለሚጠቀምና ሙቀትን ስለማያርም ከላይ ያልነው ሁሉ ይመለከተዋል። ዋይፋይ በተገኘ ጊዜ ኢኤስፒ32ቱ በኤንቲፒ ዲኤስ3231ን ያስተካክል፤ በሌለ ጊዜ ከእሱ ያንብብ። ሳንቲም ባትሪዋንም ከመስቀላችሁ በፊት በመልቲሜትር ለኩ፤ ከሞጁሉ ጋር የሚመጡት አንዳንዶቹ ገና ሲገዙ ያለቁ ናቸው።